የተረሳ መኪና፦ ላቫጆ፣ የራስ ጉልበት፣ ዲቴይሊንግ ወይስ ቀለም ቤት?

ሸራውን ስገልጠው መጀመሪያ ያየሁት የድመት ዳና ነው። ከኮፈኑ ይነሳል፣ በፊት መስታወቱ ይወጣል፣ ጣሪያው መሀል ላይ ያልቃል። ድመቷ እዚያ ትተኛ ኖሯል። መኪናው ሦስት ዓመት ሙሉ ከአቮካዶ ዛፍ ሥር የቆመ ኮሮላ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2004 ምርት፣ ጥቁር ሰማያዊ። የታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ ያለው ሜሪላንድ፣ መኪናው ያለው ኮተቤ፣ እናታችን ግቢ። «ለፋሲካ እመጣለሁ»፣ «ለመስቀል እመጣለሁ» ሲል ሦስት ክረምት ወረደበት።

ደላላ ጠራን። ዞር ዞር ብሎ አየው፣ በአንድ ጣቱ ኮፈኑ ላይ መስመር አሰመረ፣ ጣቱን አየና «ይሄማ ሞቷል» አለ። ዋጋ ሊሰብር እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ሙሉ በሙሉ ዋሽቷል ማለትም አልችልም። ቀለሙ ደብዝዟል፣ የፊት መብራቶቹ የቆየ ቅቤ መስለዋል፣ በሩ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው።

ድሮ ቢሆን «ሽጠውና ሌላ ግዛ» ይባል ነበር። ዛሬ ሌላ መግዛት ቀላል አይደለም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ ግቢ ውስጥ የቆመው መኪና እንደገና ዞር ተብሎ መታየት ጀምሯል። የእኛም እንደዚያው።

ጥያቄው በየት በኩል ይታደስ ነው። አራት በር አለ፤ ላቫጆ፣ የራስ ጉልበት፣ ዲቴይሊንግ ቤት (ቀለሙን በማሽን ወልውሎ፣ ውስጡን በጥልቀት አጽድቶ የሚያድስ)፣ ቀለም ቤት። አራቱንም ነክቻቸዋለሁ፤ ግማሹን በዚህ ኮሮላ፣ ግማሹን ቀደም ብሎ በራሴ ቪትዝ። ዋጋው በየወሩ ስለሚቀያየር በብር አላወራም። በሰዓትና በቀለም አወራለሁ። በቀለም ስል ቀልዴን አይደለም። የመኪና ቀለም እንደ ባንክ ሒሳብ ነው፤ አንዱ መንገድ ሳያስፈቅድ ያወጣል፣ ሌላው ቆጥሮ ያወጣል። ምርጫው ያለው ስንት ቀርቷል በሚለው ላይ ነው።

ከመምረጣችሁ በፊት

መካኒክ ይቅደም። ሦስት ዓመት የቆመ መኪና ባትሪው፣ ፍሬኑ፣ ጎማውና በታንከሩ ውስጥ የቆየው ቤንዚን ሳይታይ ለውበት ብር ማውጣት የሙሽራ ልብስ ለታማሚ እንደመግዛት ነው። ወደ ቀለሙ እንሂድ።

መኪናውን በደንብ አሳጥቡትና አድርቁት። ከዚያ እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ ክተቱና ኮፈኑን ዳሰስ ዳሰስ አድርጉት። በባዶ እጅ ልስልስ ያለ የመሰላችሁ ቀለም በፌስታሉ በኩል የእንጀራ ምጣድ ላይ አሸዋ እንደተበተነ ይሰማችኋል። ይሄ በእጥበት የማይለቅ ቆሻሻ ነው፤ የዛፍ ሙጫ፣ የብረት ብናኝ፣ ከጎረቤት በር ላይ ተረጭቶ የመጣ ቀለም። አያስፈራም፣ ይለቃል።

ቀጥሎ ጭረቶቹን በጥፍራችሁ ሞክሩ። ጥፍር ካልያዘ፣ በማሽን ፖሊሽ የመጥፋት ተስፋ አለው። ጥፍር ከያዘ ጥልቅ ነው። «ሙሉ በሙሉ አጠፋዋለሁ» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ሦስተኛው ነገር ዋናው ነው። የአብዛኛው መኪና ቀለም ላዩ ላይ መስታወት የመሰለ ሽፋን አለው፤ ክሊር ይሉታል። ፀሐይንና ዝናብን የሚችለው እሱ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ስለዚህ መኪናችሁ ከፀጉር በቀጠነ ነገር ነው የተሸፈነው። ክሊሩ ደብዝዞ ከሆነ ይመለሳል። ተላጦ እንደ ቋቁቻ ነጭ ነጭ ካለ ግን አለቀ። ምንም ፖሊሽ፣ ሴራሚክ የሚሉት መከላከያ ሽፋንም ቢሆን አይመልሰውም። የሌለ ነገር አይወለወልም።

የት እንደሚጀምር ታውቃላችሁ? ጣሪያና ኮፈን ላይ። ፀሐይ በቀጥታ የምታገኘው እነሱን ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። ቀለም የሚበላው የፀሐይ ጨረር በየሺህ ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ብርዱ አያታልላችሁ፤ እዚህ ያለ መኪና እየበረደው ይቃጠላል።

በኛ ኮሮላ ላይ ሸራውም የራሱን አድርጓል። «ከፀሐይ ይጋርደዋል» ብለን ነበር ያለበስነው። ነፋስ ባነቃነቀው ቁጥር ከሥሩ የገባው አቧራ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲፈትገው ከርሟል። በክረምት ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ይዞ።

ላቫጆ፦ ርካሽ ነው፣ ግን ማን ነው የሚከፍለው?

ላቫጆን ማማት አልወድም። ለዕለት አቧራና ጭቃ ከላቫጆ የተሻለ ነገር የለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ መኪናችሁ ሰው ፊት ይቀርባል። ለተረሳ መኪና ግን መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

ችግሩ ስፖንጁ ነው። አንድ ጠዋት ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ልጁ ቸርኬውን ያሽበታል፣ ስፖንጁ መሬት ይወድቃል፣ ያነሳዋል፣ ያው ባልዲ ውስጥ ነከር አድርጎ ወደ በሩ ይወጣል። በጎማው የነበረው አሸዋ አሁን በሩ ላይ ክብ ክብ እየሠራ ነው። ፀሐይ ላይ ስታቆሙት የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር የምታዩት ከዚህ የመጣ ነው። የኔ ቪትዝ ሙሉ ሰውነቷ ድር ነበር፤ እኔ እያሳጠብኩ ነው የፈተግኳት።

የልብስ ዱቄት ሳሙናም ቅባት ለመግፈፍ የተሠራ ስለሆነ፣ በመኪናው ላይ የነበረውን ዋክስ (ቀለሙን የሚጠብቀውን ሰም) አብሮ ይዞት ይሄዳል። ከሥር ናፍታ ማስረጨት የሚባለውን ደግሞ እኔ ትቼዋለሁ። ለጊዜው ጥቁርና አዲስ ያስመስላል። ግን ናፍታ ከጎማ የተሠሩትን ክፍሎች ይጎዳል፣ አቧራም ይስባል። በሳምንቱ ከሥር የምታዩት ሊጥ ነው።

ላቫጆ ስትሄዱ ሁለት ነገር ብቻ ለምኑ። ከስፖንጁ በፊት በደንብ ውኃ ይረጭበት። ለቸርኬ ሌላ ስፖንጅ ይሁን። የራሳችሁን ስፖንጅ ይዛችሁ ብትሄዱ ልጆቹ ይስቁባችኋል። ይሳቁ።

በራስ እጅ፦ የት ድረስ?

ቅዳሜና እሑድ ላለው፣ ግቢና ውኃ ላለው ሰው ይሄ መንገድ ሩቅ ያስኬዳል። ሁለት ባልዲ፣ የመኪና ሻምፑ፣ ለስላሳ ጓንት፣ አራት አምስት ማይክሮፋይበር ፎጣ። አንዱ ባልዲ ለሳሙና፣ አንዱ ጓንቱን ለማጥራት። ያን በፌስታል ያገኛችሁትን ሸካራ ነገር ለማንሳት ክሌይ የሚሉት እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር አለ። ቀለሙን በሳሙና ውኃ አርጥባችሁ ቀስ እያላችሁ ታንሸራትቱታላችሁ። መጀመሪያ ድምፅ ያሰማል፣ ቆይቶ ዝም ይላል። ዝም ሲል ጨርሷል። መሬት ከወደቀ ግን አትመልሱት፣ ጣሉት። ያነሳው አሸዋ መልሶ ይፈትጋችኋል።

የፊት መብራትም በእጅ ይሠራል። መብራቱ መስታወት አይደለም፤ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ከፀሐይ የሚከላከል ሽፋን አለው። ቢጫ የሚሆነው ያ ሽፋን ሲያልቅ ነው። ሰፈር ውስጥ «በኮልጌት እሸው» ይላሉ። ያበራል፣ እውነት ነው፤ ለጥቂት ሳምንት። ትክክለኛው መንገድ በውኃ እያራሱ በብርጭቆ ወረቀት ከቁጥር 1000 ወደ 2000፣ ከዚያ ወደ 3000 እየቀጠኑ መሄድ፣ ከዚያ ፖሊሽ፣ መጨረሻ ላይ ፀሐይ የሚከላከል አዲስ ሽፋን መቀባት ነው። የመጨረሻዋን ከዘለላችሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ያው ቅቤ ይመለሳል። የኮሮላውን ግራ መብራት እኔ፣ ቀኙን የጎረቤት ልጅ ሠራን። የሱ ይበልጣል። ትዕግሥቱ ነው።

በራስ እጅ መቆም ያለበት ቦታ ማሽን ላይ ነው። የብረት መሞረጃ ማሽን ላይ ስፖንጅ አስሮ ቀለም የሚወለውል ሰው አይቻለሁ። በደቂቃ ውስጥ ቀለሙን አልፎ ብረቱን አየው።

ዲቴይሊንግ ቤት

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በአዲስ አበባ ብዙ ቦታ ዲቴይሊንግ ተብሎ ይጻፋል፤ ገባ ስትሉ ላቫጆ ነው፣ ጣሪያ ያለው ላቫጆ። ልዩነቱን በአንድ ነገር ትለዩታላችሁ። መኪናችሁን ሳያዩ ዋጋ ከነገሯችሁ ላቫጆ ነው።

ኮሮላውን ያስገባሁበት ቤት ልጁ መጀመሪያ ያወጣው ስፖንጅ አልነበረም። ስልክ የምታክል መለኪያ ናት። ቀለሙ ላይ ጫን ያደርጋታል፣ ቁጥር ታወጣለች። ኮፈኑ 112። የቀኝ በር 118። የግራ የኋላ በር 480። «ወንድሜ፣ ይሄ በር ተመትቶ ያውቃል?» አለኝ። ሜሪላንድ ደወልኩ። ወንድሜ ትንሽ ዝም አለና «እማዬ እንዳትሰማ» አለ።

ቁጥሩ የሚናገረው ይሄን ነው። የፋብሪካ ቀለም በአጠቃላይ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የጃፓን መኪኖች ወደ ታችኛው ጫፍ ይጠጋሉ። ሦስት መቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ተቀብቷል። ሺህ ካለፈ ከሥሩ ስቱኮ አለ። በጠንካራ ኮምፓውንድ (ቀለም በሚፍቅ ሻካራ ቅባት) መወልወል በአንድ ዙር ጥቂት ማይክሮን ያነሳል። ትንሽ ይመስላል። ግን ካላችሁ 40 ማይክሮን ክሊር ላይ ነው የሚነሳው፣ ያውም ፋብሪካው ፀሐይ እንዲከላከል ያስቀመጠውን። ስለዚህ አንድን መኪና በዕድሜው ደጋግሞ በጠንካራ ኮምፓውንድ ማስወልወል አይቻልም። ሻጭ ከመሸጡ በፊት «ፖሊሽ አስመታሁት» ሲላችሁ የገዛችሁት ብልጭታ ከሒሳቡ የወጣ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሁለት ዓይነት አገልግሎት የሚለያየው። አንደኛው በአንድ ዙር፣ በለዘበ ፖሊሽ የሚሠራ ነው። ግማሽ ቀን ወይም አንድ ቀን ይፈጃል። ድሩን አብዛኛውን ያጠፋል፣ ቀለሙን ይመልሳል፣ ጥልቅ ጭረቱን ይተወዋል። ሁለተኛው በሁለትና ሦስት ዙር፣ ከጠንካራ ወደ ለዘበ እየሄደ የሚሠራ ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይይዛል፣ ዋጋውም እንደዚያው። ባለሙያው ሁለተኛውን ሊሸጥላችሁ ይፈልጋል፤ አልፈርድበትም። ግን በየቀኑ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ በታክሲ መሀል ለሚተሻሽ የሃያ ዓመት ኮሮላ አንደኛው ይበቃል። የማስታወሻ መኪና፣ ቅዳሜ ብቻ የሚወጣ፣ ቮልስ ወይም አሮጌ መርሰዲስ ያለው ሰው ሁለተኛውን ይምረጥ።

ማሽኑንም ተመልከቱ። አንዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሽከረከራል። ፈጣን ነው፣ ግን ያግላል፣ ካልተካነ እጅ ደግሞ ፀሐይ ላይ የሚታይ ጠመዝማዛ ጥላ ይተዋል። ሌላው እየተሽከረከረ ይወዛወዛል፤ ቀስ ይላል፣ ግን ይምራል። የመጀመሪያውን ማሽን ጥበብ ካለው ሰው እጅ ያየሁበት ጊዜ አለ፣ ሙዚቃ ነው። ከሌላ ሰው እጅም አይቻለሁ። የቪትዜን ፓራውልት ጠርዝ በአምስት ሰኮንድ ውስጥ እስከ ፕላስቲኩ በላት። የት እንደሆነ ይቆየኝ። ባለቤቱ «ድሮም ነበር» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከማስረከቤ በፊት መኪናውን ዙሪያውን በስልኬ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ጠርዞቹን በወረቀት ፕላስተር የሚሸፍን ቤት ካያችሁ ግቡ፤ ጠርዝ ላይ ቀለም እንደሚሳሳ ያወቀ ሰው ነው።

የሞተሩ ክፍልስ? ይጸዳ፣ ግን ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ዲናሞውና የፊውዝ ሳጥኑ በፌስታል ተሸፍነው፣ በብሩሽና በትንሽ ውኃ። በኃይል የሚረጭ የውኃ ጄት ይዞ ወደ ሞተር የሚጠጋ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት።

ውስጡ፣ ማለትም ሽታው

ሰው ስለ ቀለም ያወራል እንጂ የሚኖረው ውስጡ ነው። ብር ያጠራችሁና ከሁለት አንዱን ምረጡ ከተባላችሁ፣ እኔ ውስጡን እላለሁ። ያለ ማመንታት።

ኮሮላው ውስጥ የነበረው ሽታ እርጥብ ጆንያ፣ ሻጋታና ሌላ ስሙን የማላውቀው ነገር ነበር። እማዬ «ዕጣን አጭስበት» አለችኝ። አጨስኩ። ሽታውና ዕጣኑ ተጋብተው ሦስተኛ ሽታ ወለዱ። የመስታወት ላይ ሽቶ ማንጠልጠልም ያው ነው። ምንጩ ካልወጣ ሽታ አይወጣም።

የዲቴይሊንግ ቤቱ ልጅ ጋቢና ፊት ያለውን ኪስ ፈታው። ከጀርባው የአየር ማጣሪያ አለ፤ ከውጭ የሚገባውን አየር የሚያጣራ፣ ደብተር የምታክል። ስቦ አወጣት። ማጣሪያዋ ላይ የአይጥ ጎጆ ነበር። ሶፍት፣ የወንበር ስፖንጅ፣ የአቮካዶ ቅጠል፣ አንድ የሎተሪ ትኬት። በሥርዓት የተሠራ ጎጆ ነው፣ ሙያው ያስቀናል። ማጣሪያዋ በአዲስ ተተካች። ከማንኛውም ሽቶ የበለጠ የሠራችው ይቺ ርካሽ ወረቀት ናት። ከተረሳ መኪና ሽታ ላይ ሁለት ሦስተኛው ከማጣሪያዋና ከኤሲው ውስጥ ነው እላለሁ፤ ይሄ የኔ ግምት ነው።

ቀጥሎ ወንበር። እዚህ ምርጫችሁ ሦስት ነው። በጨርቅና በሳሙና ከላይ ማሸት፣ በእንፋሎት፣ ወይም ውኃ ረጭቶ ወዲያው መልሶ በሚስብ ማሽን። የመጀመሪያው ቆሻሻውን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ሲደርቅ ክብ ዕድፍ ሆኖ ይመለሳል። እንፋሎት ለክሩስኮቶ (ለዳሽቦርዱ)፣ ለበር እጀታ፣ ለአየር መውጫ ቀዳዳዎች ግሩም ነው። ውኃው ትንሽ፣ ሙቀቱ ብዙ ነው። ለጨርቅ ወንበር ግን የሚስበው ማሽን ነው ዋናው። የማሽኑ ሆድ ግልጽ ፕላስቲክ ስለሆነ የሚወጣውን ታያላችሁ። ከሾፌሩ ወንበር የወጣው ውኃ ጠላ ነበር። ቀለሙን ማለቴ ነው።

ከዚያ መድረቅ አለበት። ይሄን ማንም አይነግራችሁም። እርጥብ ወንበር መኪና ውስጥ ተዘግቶ ካደረ በሁለት ቀን ውስጥ አዲስ ሻጋታ ይጀምራል። ሐምሌ ላይ ካሠራችሁ ደግሞ ፀሐይ አትጠብቁ። «በማግሥቱ ውሰደው» የሚል ቤት ከ«በሦስት ሰዓት ጨርሼ» ባይ ይሻላል። ከምንጣፉ ሥር እጃችሁን አስገብታችሁ ካልዳሰሳችሁ አትረከቡ።

ወንበር ማውጣት ካስፈለገ ከሥሩ ቢጫ ሶኬት አለ። የኤርባግ ነው። ባትሪው ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ መነካት የለበትም። የሚያውቅ ሰው ቢጫዋን ሲያይ እጁን ይሰበስባል።

ኦዞን የሚያመርት ማሽን የሚያስገቡ ቤቶችም አሉ። ሽታ ይገድላል። ግን ኦዞን ለሳንባ መጥፎ ነው፤ ማሽኑ ሲሠራ ውስጥ ሰው መኖር የለበትም፣ ከዚያም በሮቹ ተከፍተው መናፈስ አለበት። ካጸዱ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው እንጂ የጽዳት ምትክ አይደለም። ጎጆው እዚያው እያለ ኦዞን ቢነፋበት አይጧን ማጠን ነው።

ክሩስኮቶውን በሲልኮን ዘይት አብለጭልጮ የሚሰጣችሁን እምቢ በሉ። በመስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል፣ አቧራ ይይዛል፣ መሪ ላይ ከተቀባ ደግሞ ያንሸራትታል። ንጹሕ ክሩስኮቶ አያበራም። ደብዘዝ ይላል።

ቀለም ቤት መቼ?

ክሊሩ ተላጦ ከሆነ፣ ዝገት ብቅ ብሎ ከሆነ፣ ጭረቱ ብረቱን ካሳየ። ሌላ ጊዜ አይደለም።

«ሙሉ ቀለም አስቀባው፣ አዲስ ይሆናል» የሚል ምክር አይጠፋም። ለፖሊሽ ከምትከፍሉት ብዙ ባይርቅ እንኳ አስቡበት። ፋብሪካ ውስጥ ቀለም ባዶ ብረት ላይ ሆኖ በ140 ዲግሪ አካባቢ ይጋገራል። ከተገጣጠመ በኋላ እንደዚያ ማድረግ አይቻልም፤ ፕላስቲኩና ሽቦው ይቀልጣል። ጥሩ የሚባል ቀለም ቤት በ60 ዲግሪ ገደማ ያደርቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ በፀሐይ። ጥሩ ቀቢ ጥሩ ሥራ ይሠራል። ግን የፋብሪካው አይደለም። ደላላ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የተቀባ መኪና ሲያይ የሚጠይቀው «ምን ሊደብቅ ነው?» ብሎ ነው።

ስለዚህ የሞተውን ብቻ አስቀቡ። አንድ ጣሪያ፣ አንድ ኮፈን። የቀረውን አስወልውሉ። ቅደም ተከተሉም ይሄው ነው፤ መጀመሪያ ቀለም፣ ከዚያ ፖሊሽ። አዲስ የተቀባው ክፍል ላይ ሴራሚክም ሆነ ዋክስ ከማስቀባታችሁ በፊት ቀቢውን ስንት ሳምንት እንደሚፈልግ ጠይቁት፤ ቀለሙ መተንፈስ አለበት። የመኪናውን ቀለም ዓይነት ለመቀየር ካማራችሁ ደግሞ ሊብሬው ላይ ቀለም እንደተጻፈ አትርሱ። መንገድ ትራንስፖርትን ጠይቃችሁ ነው።

ዋክስ ወይስ ሴራሚክ?

ዲቴይሊንግ ቤት መጨረሻ ላይ ይሄ ጥያቄ ይመጣል። ዋክስ ጥቂት ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ሲለንት የሚባለው ሰው ሠራሽ ሽፋን ከአራት እስከ ስድስት ወር። ሴራሚክ ደግሞ እንደ ጥራቱና እንደ አያያዙ ከአንድ ዓመት እስከ ጥቂት ዓመታት። ውኃ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ሲወርድበት ያምራል፣ አቧራም ቶሎ ይለቃል። ለኛ ከተማ የሚመቸው በዚህ ነው።

ነገር ግን ሴራሚክ የጦር ጥሩር አይደለም። ከመንገድ የተነሳ ጠጠር ይበሳዋል። የላቫጆው አሸዋማ ስፖንጅም ይፈትገዋል። ሻጮች ስለ ጥንካሬው የሚጠሩት «9 ኤች» የሚለው ቁጥር የተለካው በእርሳስ ጥንካሬ ነው፤ አልማዝ የሚያስመስል ነገር የለውም። ከሥሩ ያለውን ጭረትም ይቆልፈዋል፤ ሳይወለወል የተቀባ ሴራሚክ ቆሻሻ ፊት ላይ እንደተቀባ ቫዝሊን ነው። ጠጠር የሚያስቆመው ቀለሙ ላይ የሚለጠፈው ወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ ነው፤ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን የሚደርስ። ለአሮጌ ኮሮላ ግን ከመኪናው የማይመጣጠን ወጪ ነው።

እኔ ለኮሮላው ሲለንት አልኩ። ምክንያቱም ላቫጆ መሄዱ አይቀርም። ሴራሚክ የሚገባው መኪናውን ራሱ በሁለት ባልዲ ለሚያጥብ ሰው ነው። ካልሆነ ውድ ልብስ ገዝቶ ድንጋይ ላይ እንደማጠብ ነው።

ታዲያ የቱ?

በዚህ ወር ለመሸጥ ከሆነ፦ ውስጡን በደንብ፣ መብራቶቹን፣ አንድ ዙር ፖሊሽና ዋክስ። ሴራሚክ ለገዢው ስጦታ ነው። አብራችሁ ለመቆየት ከሆነ ውስጡን ሙሉ፣ ክሌይ፣ አንድ ዙር፣ ከዚያ ገንዘባችሁ የፈቀደውን ሽፋን። መኪናው ከሦስትና አራት ቦታ ከተላጠ ወደ ዲቴይሊንግ ሳይሆን ወደ ቀቢ ሂዱ። ብር ጭራሽ ከሌለ ደግሞ የአየር ማጣሪያዋን ቀይሩ፣ ውስጡን በቫኪዩም ጥረጉ፣ መብራቶቹን ሥሩ። በአንድ እሑድ መኪናው ሌላ ይሆናል።

የትም ብትሄዱ ባለሙያውን ይሄን ጠይቁት፦ «የትኛውን አትነካም?» ጥሩው ወዲያው ይዘረዝርላችኋል። የኛው ልጅ የኮሮላውን ጣሪያ አሳየኝ። መሀሉ ላይ፣ ድመቷ ትተኛበት በነበረበት ቦታ፣ ክሊሩ ተልጧል። «ይሄን ብወለውለው የባሰ ይገለጣል፣ ልተወው» አለ። ተወው።

መኪናው በሦስተኛው ቀን ወጣ። ወንድሜ ቪዲዮውን አየና «ለደላላው ነገርከው?» አለኝ። አልነገርኩትም። ጣሪያው ላይ ያለችው ነጭ ቋቁቻ አሁንም አለች፤ ክረምቱ ሲወጣ አስቀባታለሁ። ሸራውን እማዬ ወስዳዋለች። በርበሬ ታሰጣበታለች።